የደጋው አፈር በቆላ

ሰሜን ሸዋ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ ሲጠፋ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያወራው ስለ ገደሉ ነው። ድንጋዩን የሚያነሳው የለም። ድንጋዩ ግን ባለ ስም ነው፤ ጂኦሎጂስቶች አንዱን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወገን «የጣርማ በር ባዛልት» ብለው በዚሁ በር ስም ይጠሩታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዝናው በዝቷል። ባዛልት ቀልጦ ይፈሳል፣ ያገኘውን ያቃጥላል፣ ይረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ጎረቤቱ አይናገርም። ወሬ ያለው በእሳትና በእሳት መሃል ድምፁን አጥፍቶ በተኛው ጭቃ ዘንድ ነው።

ለዚህ ምስክሬ ከደብረ ብርሃን ብዙ የማይርቀው የሙሽ ሸለቆ ነው። የዛሬ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እዚያ ሐይቅ ነበር። ከዳር ያሉት ዛፎች ቅጠል ያራግፋሉ፤ ቅጠሉ ይሰጥማል፤ ደቃቅ ጭቃ ያለብሰዋል። ከሥር አየር ስለሚያጥር ሳይበሰብስ ይቆያል። በላዩ ሌላ ጭቃ፣ አልፎ አልፎም የእሳተ ገሞራ አመድ ይደረብበታል። የላይኛው ክብደት የታችኛውን ውሃ ጨምቆ ያወጣል፤ ጭቃው እየጠና ገጽ በገጽ የሚላጥ ድንጋይ ይሆናል። ዕድሜውን ያጋለጠው አመዱ ነው፦ ዚርኮን በሚባሉ ጥቃቅን ማዕድናቱ ውስጥ ዩራኒየም ወደ እርሳስ የሚለወጥበት ፍጥነት ይታወቃል።

ቅጠሎቹ ሲመረመሩ የተገኘው ዝናብ የጠገበ ሞቃት ደን ነው፤ ዛሬ ሰው ጋቢ ደርቦ ውርጭ በሚጠብቅበት አገር! ከዛፎቹም የበረከቱት የባቄላና የሽምብራ ዘመዶች ነበሩ። የሰሜን ሸዋ የባቄላ ፍቅር እንግዲህ የትናንት አይደለም።

ጭቃ የመደርደሩ ሥራ ዛሬም አልቆመም። ክረምት ሲገባ ወንዞች ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ደጋ እየፈጩ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ያወርዱታል። አንዳንዴ ተራራው ወንዝም አይጠብቅም፤ በ1998 ዓ.ም. ይዛባ ወይን በሚባለው ቦታ ተንሸራቶ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የውሃው ጉልበትም ያልቃል፦ ቋጥኙን ከግርጌው ይጥላል፣ አሸዋውን አለፍ ብሎ፣ ደለሉን ሜዳው ላይ። ስለዚህ በድሮ ድንጋይ ውስጥ ድቡልቡል ጠጠር ያየ ሰው እዚያ ኃይለኛ ጎርፍ እንደነበር፣ ደቃቅ ጭቃ ያየ ደግሞ ውሃው ተኝቶ እንደነበር ያውቃል።

የሮቢት ደለልም በጥልቀት ከተቀበረ አንድ ቀን ድንጋይ ይሆናል፤ የማሽላ ብናኝና ባዶ ሃይላንድ አብረው የሚያገኝበት ተመራማሪ ምን ብሎ እንደሚደመድም እንጃ። እስከዚያው ማሾና ሽንኩርት ያበቅላል። አፈሩ በየክረምቱ የሚወርድበት የደጋ ሰው ገበያ ወጥቶ፣ የገዛ ተራራው ያበቀለውን ሽንኩርት «ምነው ተወደደ?» እያለ ተከራክሮ ይገዛል።