ያልጻፍኩት ተቃውሞ

ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ የታዘዝኩትን ጾምና ስግደትም ፈጽሜአለሁ። እኔ ግን የበደልኩት በጓዳ አይደለም። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በመዝገብና በማኅተም ነው። የአደባባይ በደል በአደባባይ ካልተነገረ ኑዛዜው ጎዶሎ ሆኖ ይሰማኛል። በደርግ ዘመን፣ በመንዝና ግሼ አውራጃ፣ የአንድ ገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። እኔ በያዝኩት የቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ሰው አልተቃወመም። ይህ ሐሰት ነው፤ ሐሰቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ሰው አልገደልኩም፣ አላሰርኩም፣ ከማንም ጉቦ አልበላሁም። ብዙ ዘመን ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ደም ያፈሰሱት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በየከተማው ቀይ ሽብርን ያካሄዱት ናቸው፤ እኔ አገር ቤት ወረቀት የምሞላ ልጅ ነበርኩ እል ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ያ መንግሥት በጠመንጃ ብቻ አልቆመም። በየቀበሌው "ሕዝቡ ተስማምቷል" ብሎ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ መንዝ ላይ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

አብዮቱን ያመንኩት ተገድጄ አይደለም። በ1967 ዓ.ም የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በየገጠሩ ሲያሰማራ ወደ እኛም መጡ። እኔ ገና እረኛ ነበርኩ። የመንዝን ቁር ስለማያውቁት በካኪያቸው ላይ የእኛን ባና ደርበው፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይሉን ነበር። ለአንድ እረኛ እንዲህ ብሎ ቁጭ አድርጎ የሚያወራው የተማረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅ በደቡብ ጭሰኛውን ከባላባት እጅ ነፃ አወጣ። መንዝ ግን የርስት አገር ነው፤ ብዙው ገበሬ በአባቱም በእናቱም ቆጥሮ የደረሰውን ያርሳል። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሔክታር የሚለው የአዋጁ ወሰን በእኛ ተዳፋት ላይ ተረት ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን የሰሙት "መሬት ተሰጣችሁ" የሚል ሳይሆን "ርስታችሁ ተወሰደ" የሚል አዋጅ ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ልጆች መርዕድና መስፍን ብሩ መንዝ ውስጥ ሸፍተው በመጨረሻ ተገደሉ። እኔ ከአባቴ ይልቅ ከዘማቾቹ ጋር ቆምኩ። ለምን ቢሉ፣ ርስት የለህም ተብሎ፣ በቡዳነት እየታማ የኖረው ጎረቤታችን ቀጥቃጭ እርሻ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ይህን ዛሬም አልክድም። በጎው እውነት ስለነበር ነው ክፉውን እያየሁ ያለፍኩት።

አባቶቻችን ተሰብስቦ መምከርን ከአብዮቱ የተማሩ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ ሥር ያለውን ጓሳን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ጓሳ መሐል ሜዳ አጠገብ ያለ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የሣር ምድር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ከራሳቸው መካከል አለቃ እየመረጡ፣ ምድሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ በወቅቱ እየከፈቱ፣ ለብዙ ዘመን ጠብቀውታል። ወርቃማ ዘመን ነበር አልልም፤ ሴቶችና ርስት የለሽ የእጅ ባለሙያዎች በዚያ ጉባኤ ቦታ አልነበራቸውም። አለቃው ግን ከተወላጆቹ የወጣ፣ መልስ የሚሰጠውም ለእነሱው ነበር። የመሬት አዋጁ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ጓሳ በየገበሬ ማኅበሩ እጅ ገባ፤ ሣሩም ጠባቂ እንደሌለው ይታጨድ ጀመር። እኔ "የፊውዳል ቅሪት ተወገደ" ሲባል ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ።

ለጸሐፊነት ያበቃኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም ተጀምሮ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ የዩኔስኮ ሽልማትም ለአገሪቱ አስገኘ። ወደ ገጠር ሲወርድ እኔ ጥቂት ክፍል የቆጠርኩ ወጣት ነበርኩና አስተማሪ ተደረግሁ። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ጎልማሶችን ፊደል አስቆጠርኩ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን የጻፈችው እኔ እጇን ይዤ ነው። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው። የማፍርበትም ከዚሁ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በቃለ ጉባኤው ግርጌ በሐምራዊ ቀለም አሻራቸውን ያደርጉ የነበሩ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ስማቸውን መጻፍ ጀመሩ። እኔ ባስተማርኳቸው ፊደል፣ እኔ በጻፍኩት ሐሰት ሥር ፈረሙ።

የቃለ ጉባኤው መልክ አንድ ነበር፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ አባላት፣ አጀንዳ፣ ውይይት፣ ውሳኔ። "ውይይት" በሚለው ሥር የምጽፈው ግን ከወረዳ የመጣው ካድሬ የተናገረውን ብቻ ነበር። ስብሰባው ብዙ ጊዜ እሑድ፣ በቅዳሴ ሰዓት ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ካድሬው ጨርሶ "የሚቃወም አለ?" ይላል፤ ሰዉ ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ ያደርጋል፤ እኔ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ እጽፋለሁ። የእህል ኮታው በሙሉ ድምፅ፣ መዋጮው በሙሉ ድምፅ። ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት ገበሬው በጉን ሸጦ፣ ከገበያ እህል ገዝቶ፣ መንግሥት በቆረጠው ርካሽ ዋጋ ሲያስረክብ እኔ "ትርፍ ምርቱን በፈቃዱ አቀረበ" ብዬ ጻፍኩ። በ1977 ዓ.ም በድርቁ ጊዜ ሰው ለሰፈራ ሲመዘገብም ከየስሙ ትይዩ "በፈቃደኝነት" አልኩ። አንዳንዱ ያለቀሰበትን ሌሊት ጎረቤት ነኝና ሰምቼዋለሁ።

በ1978 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት ወረደ። በሕዝቡ ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዜጎች የመናገር፣ የመጻፍና የመሰብሰብ ነፃነት አላቸው ይላል። ለመናገር ፈርተው ለተቀመጡ ሰዎች ይህን ሳነብ ምንም አልከነከነኝም። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ መንግሥትም 81 በመቶው ደገፈ፣ 18 በመቶ ያህሉ ተቃወመ ብሎ አስታወቀ። ቁጥሩ ይታመን አይታመን ሌላ ነገር ነው። እኔን የሚያሳፍረኝ፣ ያ መንግሥት እንኳ ከመቶው ሰው 18 ያህሉ እንቢ ማለቱን ሲያምን፣ በእኔ መዝገብ ውስጥ እንቢ ያለ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው።

እንቢ ያሉ ሰው ግን ነበሩ። በዚያው ዓመት የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። በ1975 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዛል፤ ከየቤቱ ማን ይሂድ የሚለው ግን በገበሬ ማኅበሩ አመራር እጅ ነበር። የአመራሩ ልጆች ይቀራሉ። እኔም ዕድሜዬ ደርሶ ሳለ በጸሐፊነቴ ቀርቻለሁ። ስም ዝርዝሩ ሲነበብ፣ አያ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት በርኖሳቸውን አስተካክለው በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ጌቶቼ፣ ልጄን ለአገር አልነፍግም። አባቴ ማይጨው ላይ ወድቆ ቀርቷል። ግን የሊቀመንበሩ ልጆች ቤት ተቀምጠው የእኔ አንዱ ለምን ይሄዳል? ዕጣ ይጣል። ዕጣው ከወጣበት እኔው ራሴ ስንቁን ቋጥሬ እሸኘዋለሁ።"

ካድሬው "ይህ የፀረ አብዮት ቅስቀሳ ነው፤ ይቀመጡ!" አለ። አያ ከመቀመጣቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ያልኩትን ጽፈኸዋል?"

"እጽፈዋለሁ አያ።"

አልጻፍኩትም። ውሳኔው ላይ ስደርስ እጄ እንደለመደው "በሙሉ ድምፅ" ብሎ አለፈ። መዝገቡን ሳዞርላቸው አያም እንደ ሌላው ፈረሙ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጭነው። ከበላይ ያለውን የእኔን የተያያዘ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ አይችሉም ነበር። ቃላቸው እዚያ ያለ መስሏቸዋል።

ልጁ ሄደ። ከኤርትራ ግንባር፣ ከአፋቤት የላካቸውን ደብዳቤዎች ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ። መጋቢት 1980 ዓ.ም አፋቤት የነበረው የመንግሥት ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ ተደመሰሰ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም፤ መርዶም አልመጣም። አያ ልጃቸውን ሳይቀብሩ፣ ለቅሶ ሳይቀመጡ ሞቱ። ቃላቸውን ብጽፈው ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ምናልባት እኔም ከጸሐፊነቱ ተነሥቼ ተከትዬው እሄድ ነበር። ቢሆንም አንድ አባት ዕጣ ይጣል ብሎ ፍትሕ መጠየቁ በአገሩ መዝገብ ውስጥ ይኖር ነበር። ያንን የቀማቸው ካድሬው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም የደርግ መንግሥት ሲወድቅ መዝገቡን አስረክቤ ወደ እርሻዬ ገባሁ። ያን ጊዜ ተጸጽቼ ነበር ብል እዋሻለሁ። ያነቃኝ ሌላ ነገር ነው። በ1989 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ በደርግ ጊዜ በቀበሌ አመራር ላይ የነበርን ሰዎች "ቢሮክራሲ" ተባልን፤ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሔክታር በላይ እንዳንይዝ ተወሰነ። በእኛም ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ተነሥቼ "ጸሐፊ ነበርኩ እንጂ የማንንም መሬት አልወሰድኩም፤ ልጆቼስ ምን አጠፉ?" አልኩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ እንጂ እስክሪብቶውን አላነሣም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መጽደቁን የሰማሁት በኋላ ነው። አያን ያስታወስኳቸው ያን ሌሊት ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ኑዛዜ ይህ ነው። ነፃነትን የተማርኩት በአያ ኀዘን ሳይሆን በራሴ ጥማድ መሬት ነው። የሌላውን አፍ ስዘጋ የመንግሥት ሥራ ይመስለኝ የነበረው፣ የእኔ ሲዘጋ ግፍ መሆኑ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ገብቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍ ኖርኩ። ባለጉዳዩ ይናገራል፤ ትጽፋለህ፤ ታነብለታለህ፤ "እንዲህ አላልኩም" ካለህ ትሰርዛለህ። ሥራው ይኸው ነው። በወጣትነቴ ላደርገው የሚገባኝን ዘግይቼ ተማርኩት። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም ፍርድ ቤት በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሲሰጥ ከሬዲዮኑ አጠገብ ነበርኩ። ውሳኔው ተገቢ ነበር። እኔ ግን የታሰበኝ በየትኛውም ክስ ላይ ስማችን የማይገኘው የእኛ፣ የጸሐፊዎቹ ነገር ነው። የቼኮዝሎቫኪያው ጸሐፊ ቫስላቭ ሃቬል በ1978 እ.ኤ.አ. በጻፈው ድርሰት የማያምንበትን መፈክር በሱቁ መስኮት ስለሚሰቅል አትክልት ሻጭ ያነሣል። ያ ሰው የዋሸው በራሱ መስኮት ነው። እኔ የዋሸሁት በሌላው ሰው ፊርማ ነው፤ የእኔ ይከፋል።

የፖለቲካ ነፃነት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ምርጫ፣ ፓርቲና ጋዜጣ ነው። ሁሉም ያስፈልጋል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚቀድመው፣ አንድ ገበሬ በገዛ ቀበሌው ስብሰባ ተነሥቶ "አልስማማም" ብሎ፣ ቃሉ ተመዝግቦለት፣ ማታ ቤቱ ገብቶ በሰላም ማደሩ ነው። ይህ ከታች ከሌለ፣ ከላይ ያለው ሕገ መንግሥት የቱንም ያህል ቢያምር እኔ ካነበብኩት ረቂቅ አይሻልም። ፍርሃቱም ከመንግሥት ጋር አብሮ አይወርድም፤ እኔ በ1979 የጻፍኩትን ቃል በ1989 ሌላ ልጅ ጽፎታል። ዛሬም ቃለ ጉባኤ የምትይዙ ልጆች አላችሁ። የተቃወመውን ሰው ቃል እንዳለ ጻፉ። ውሳኔው ባይሰማውም ቃሉ ይቀመጥለት። ከመፈረሙ በፊትም አንብቡለት።

የአያን ሴት ልጅ ፈልጌ አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርኳት። "እግዜር ይቅር ይበልህ" አላለችኝም። "እኛ ቤት አባባ መቃወማቸውን እናውቃለን፤ የማያውቀው አገሩ ነው" ብላ ቡናውን ቀዳችልኝ። ስለዚህ ለአገሩ ጻፍኩ። በዚያ መዝገብ ላይ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ያሰፈሩት የመንዝ ገበሬዎች በኮታውም፣ በሰፈራውም፣ በልጆቻቸው መወሰድም አልተስማሙም ነበር። ፊርማው የእነሱ ነው፤ ከፊርማው በላይ ያለው ቃል ግን የእኔ ነው።