ስለ እጅና ስለ እግር ትምህርት

በባሕር ዳር ከተማ ፔዳ የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተቋቋመው ከፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። አካዳሚው የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ሰዎችን ያወጣ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከፖሊ ቴክኒኩ ጋራ ተጣመረ፤ ሕዝቡ ግን ግቢውን እስከ ዛሬ ፔዳ ይለዋል። ቃሉ ከጽርእ የመጣ ሲሆን ሕፃንን መምራት ማለት ነው። በጥንት ጽርእ አገር ሕፃኑን ከቤቱ አንሥቶ በእግር እየሄደ እስከ መምህሩ ደጅ የሚያደርሰው አገልጋይ በዚህ ስም ይጠራ ነበርና። እኔም የቅኔ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ሰሙን ትቼ ወርቁን ስፈልግ፥ ትምህርት ከእግር ይጀምራል የሚል ነገር አገኝበታለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ይህ ነው። በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከወላጆቹ አንዳንዶቹ ተነሥተው፥ «የሥዕሉና የሙዚቃው፥ የሰውነት ማጎልመሻውም ክፍለ ጊዜ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይሰጥልን፤ ልጆቻችንን ለጨዋታ አልላክናቸውም» አሉ። ከእነርሱም አንዱ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «የኔታ፥ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነዎት፤ ይፍረዱን» አለኝ። በዚያ የመለስሁላቸውን አሁን አስፍቼ እጽፈዋለሁ።

በአባቶቻችን ትምህርት ቤት እጅና እግር ከአእምሮ ተለይተው አያውቁም። ሕፃኑ ፊደሉን የሚለየው በእጁ እየጠቆመ፥ በድምፁም እያዜመ ነው። አቋቋም የሚማረውም ዜማውን በቃሉ ይዞ፥ መቋሚያውን ከአካሉ፥ ጸናጽሉን ከከበሮው ጋራ ማስማማት አለበት፤ እግሩ የሳተ እንደ ሆነ ትምህርቱ ጎደለ ይባላል። የቅኔ ተማሪም የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀርም፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ያሰማል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ነውር ይሆንበታል። እንግዲህ ፈጠራ የሚባለው ትምህርት ከባዕድ አገር ትናንት የመጣብን ነውን?

ምስክሩም ከዚሁ ከጣና ዳር ነው። አለቃ ገብረ ሐና በታንኳ ሲሻገሩ፥ ማዕበሉ ደንገሉን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው አይተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይተረካል። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጁም ለሌሎች አስተማረ፤ ስለዚህም የተክሌ አቋቋም ተብሎ እስከ ዛሬ በደብረ ታቦር ይሰጣል። ዓይን ውኃውን አየ፥ አካል ተከተለው፥ ከዚያም ሥርዓት ያለው ትምህርት ወጣ። አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፉም ሙዚቃና የሰውነት ማሠልጠኛ አንዱ ለነፍስ ሌላው ለሥጋ ብቻ የተሠሩ እንዳይደሉ፥ ሁለቱም ስለ ነፍስ እንደ ሆኑ ተናግሯል።

ዘፈን ያስፈራናል ለሚሉ ወንድሞቼ ደግሞ የምለው ይህ ነው። ለሕፃን የሚስማማውን ዜማ ከማይስማማው መለየት የመምህሩና የወላጁ ሥራ ነው። ነገር ግን በማዕዱ ላይ የማይበላ ምግብ ይገኝ ይሆናል ብሎ ማዕዱን ማንሣት ልጁን ማስራብ ነው።

መንግሥት እንኳ ይህን ትምህርት አልከለከለም። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ራሱን ችሎ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል። ጉዳቱ ከሌላ ወገን ነው። የጎረቤቴን ልጅ ደብተር ገልጬ ብመለከት «ሥዕል ማለት» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሦስት ገጽ ሙሉ አገኘሁ፤ ከደብተሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ግን አንድ ሥዕል እንኳ አልነበረበትም። ይህ ልጅ ስለ ውኃ ተነገረው እንጂ ውኃ አልጠጣም። መምህሩን ብቻ አልወቅስም፤ እርሱም ሥዕልን በቃል ተምሮ ይሆናል፤ ቀለምና ወረቀትም የሰጠው የለም።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። ታንኳን ከደንገል የሚሠሩ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከከተማችን አጠገብ ይኖራሉ። በብራና ላይ ሐረግ የሚጥሉ፥ ቁም ጽሕፈት የሚያውቁ ሊቃውንት አልጠፉም። በዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሷ በሥዕል ተከብቦ ይታያል። ትምህርት ቤቱ እነዚህን ባለሙያዎች በወር አንድ ቀን ቢጠራ፥ ልጆቹንም ወስዶ ቢያሳይ፥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቀውም። መምህራንን የሚያሠለጥኑ ኮሌጆችም ሠልጣኙ በእጁ ሳይሥል በአካሉም ሳይሠራ አያስመርቁት።

እኛ ወላጆችና ካህናት ደግሞ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት እንዳይወሰድ እንጠብቅ። የድጓውና የአቋቋሙ ተማሪ በየጊዜው እያነሰ ሄዷል። ደንገሉ ሲወዛወዝ አይቶ ምንም የማይታየው ትውልድ ቢነሣ፥ ጣና በስፍራው ሳለ የተክሌን ዝማሜ የሚረከበው ሰው ይታጣል።