ኮንሶ ላይ የተቀመሰች ቅጠል

ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጄ የምትሠራው አርባ ምንጭ ነው። ጥር ላይ ልጠይቃት ሄጄ ሳለ ባልደረባዋ ‹‹ኮንሶ እናቴ ቤት ሄደን ሁለት ሌሊት እንደር›› ብላ ጋበዘችን። አራት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄም አብሮን ነበር።

ስለዚህ ልጅ ትንሽ ላውጋችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ዘመኔን የፈጀሁት በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። ‹‹ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ሌላ ተጨማሪ ምግብ ጀምሩለት፤ ገንፎው ውስጥ በስሎ የደቀቀ ጎመን ጨምሩበት፤ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ የቅጠሉ ቫይታሚን ኤ ለሰውነት የሚሰምረው ከቅባት ጋር ነው›› እያልኩ ስንቷን እናት አስተምሬአለሁ። የገዛ የልጅ ልጄ ግን አረንጓዴ ነገር ሲያይ ጥርሱን ይነክሳል። ፍርፍር ውስጥ የገባች ቃሪያ እንኳ ለቅሞ ከሳህኑ ዳር ይደረድራታል። ጎመንን የሚጠራት ‹‹ሣር›› ብሎ ነው።

ኮንሶን ብዙ ሰው የሚያውቀው በእርከኑ ነው። ትውልድ እየተቀባበለ በደረቅ ድንጋይ የካበው፣ ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እርከን በእውነትም አፍ ያስከፍታል። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ዛፉ ላይ ነበር። ምድሩ ደርቆ ሣሩ ነጭቶ ሳለ፣ በየማሳውና በየግቢው ያለው ሽፈራው ለምለም ነው። ጋሞዎች ሃለኮ የሚሉት ዛፍ ነው። እኛ አዲስ አበባ ዱቄቱን በላስቲክ ታሽጎ እንደ መድኃኒት እንገዛዋለን፤ እዚያ ግን የዘወትር ወጥ ነው።

አመሻሽ ላይ የቤቱ እናት ቅርንጫፍ አውርደው መሬት ላይ ጣሉት። ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ከበው ተቀመጡና ቅጠሉን ከዘንጉ እየመለጡ ወደ ሰፌዱ ይጥሉ ጀመር። የእኛው ልጅ ዳር ቆሞ ያያል። ‹‹ና›› ያለው የለም። ቆየና ራሱ መጥቶ ተቀመጠ፤ መመልመሉን ያዘ፤ ዘንጉን ለፍየሏ ይወረውርላታል። እሳቸው የማሽላ ዱቄት አቡክተው በትናንሹ አድቦልቡለው ከቅጠሉ ጋር ቀቀሉት። ኩርኩፋ የሚባለው ምግብ ይኸው ነው።

ሁላችንም ከአንድ ገበታ ቀረብን። እኔ እንደ ልማዴ ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ የቤቱ እናት በኮንስኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጃቸው ተረጎመችልኝ፤ ‹‹እጅ አለው፣ ይተዉት ይላሉ።›› ተውኩት። አንዷን ድብልብል አነሳ፤ ቀመሰ፤ ቅጠሏን ተፋት። ማንም አላየውም፤ ማለቴ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ምክር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ከምራቄ ጋር ዋጥኩት። በማግስቱ ማታ ‹‹ይቺን እኔ ነኝ የመለመልኳት›› እያለ ሁለት ድብልብል ከነቅጠሏ በላ።

ልጅ መራራ ነገር ሲቀምስ መትፋቱ ተፈጥሮው ነው። ምላሱ አዲስ ጣዕም እስኪለምድ አሥር ጊዜም ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ደግሞ ሁለቴ ሲተፋ ‹‹አይወድም›› ብለን እንዘጋዋለን፤ አለበለዚያ በግድ እናግተዋለን።

በዚያው ሌሊት ስንተኛ ልጄ ‹‹እማዬ፣ እኔን እኮ አፍንጫዬን ይዘሽ ነበር ጎመን የምታጎርሺኝ›› አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከአዳር ሥራ ደክሜ የምገባበት ዘመን ነበር፤ ልጄ ቶሎ በልታ እንድትጨርስልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። ዛሬ 36 ዓመቷ ነው፤ ክትፎ ስታዝ ጎመኑን ትመልሳለች። የምግብ ምርጫዋ ነው እያልኩ ስንት ዓመት አለፍኩት! ‹‹ጥፋቴ ነው›› አልኳት። ዝም አለች፤ ቆየት ብላ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ሳብ አደረገችው።

የኮንሶ ልጆች ሽፈራው የሚበሉት ሌላ አማርጠው አለመሆኑን አልዘነጋሁም። ዝናብ ሲቀር ቤቱን የሚያሻግረው ይኸው ዛፍ ነው። ደግሞም ቅጠል ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ ጥራጥሬው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱም ያስፈልጋል። ይህን የምለው የሽፈራው ዱቄት ገዝታችሁ ተአምር እንዳትጠብቁ ነው።

አሁን አርባ ምንጭ ጓሯቸው ውስጥ ቆስጣ ተተክሏል፤ የሚቀነጥሰው ልጁ ነው። ካሮቱን ፈቅፍቀው ወይም ቀቅለው እንዲሰጡት ነግሬአለሁ፤ ጥሬ ካሮት በቁራጩ ትንሽ ልጅ ሊያንቅ ይችላል። የገበታ ላይ ልመናና ‹‹ይቺን ለአያትህ›› ማለት ቀርቷል።

ባለፈው እሑድ ደውዬ ‹‹ጎመኑን ቀመሰ?›› ብዬ ጠየቅኩ።

‹‹እሱ ተፋው›› አለችኝ ልጄ። ‹‹እኔ ግን በላሁ።››