ከዴር ሡልጣን፤ ስለ ትሕትናና ስለ ስግደት

ይድረስ ለእማዬና ለአባባ፣ ለእትዬም ከነልጆቿ።

በቤተ ልሔም ያለው የልደት ቤተ ክርስቲያን በር ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ገደማ ነው። ጳጳስም ይሁን ገበሬ፣ ጎንበስ ያላለ አይገባበትም። ጥንት እንዲህ አልነበረም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ሕንጻው እንደገና ሲታነጽ የነበረው ሰፊ መግቢያ፣ ኋላም የመስቀል ጦረኞች ያጠበቡት ቅስት፣ ሁለቱም ተደፍነው ምልክታቸው እስከ ዛሬ በግንቡ ላይ ይለያል። የመጨረሻው ጠባብ በር የተበጀው ዘራፊ ከነፈረሱ እንዳይገባ ነው ይባላል። አሁን ሁሉም «የትሕትና በር» ይለዋል፤ ስሙም ይገባዋል። ትሕትና ከወገብ ይጀምራልና። ልቡ እስኪሰበር ድረስ ለመስገድ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ዘመን ይጠብቃል፤ አስቀድሞ የሰገደ ግን ልቡ ቀስ እያለ ከኋላው ይደርሳል። የእማዬ ወገብ እንዴት ሆነ? በሁዳዴው ስግደት አልባሰበትም? አባባስ የደም ግፊታቸውን ተለኩ ወይ? መድኃኒቱን ከሰዓቱ አያሳልፉት።

ከቤተ ልሔም እስከ ኢየሩሳሌም 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ኬላው ግን መንገዱን ያረዝመዋል። ከተማው ውድ ነው። አንዲት ስኒ ቡና፣ ያውም ጀበናዋ የማይታይ፣ 10 ሸቅል ትሸጣለች። ለጾመኛ ግን ምግብ አይቸግርም፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ፣ የሽንብራ ቂጣ በዘይት የተጠበሰ፣ ወይራ በየመንገዱ አለ። እንጀራም የቤተ እስራኤል ወገኖች ከከፈቷቸው ሱቆች ይገኛል፤ በሕማማት እስከ ማታ ውሎ እሱን ለሚያገኝ ሰው ዋጋው አይታሰብም። ልጃችሁ ጠግባ ታድራለች፤ ለዚህ ማንም አይጨነቅ።

ወደ ቅዱስ መቃብር በሚወስደው ጠባብ የገበያ መንገድ ጧፍ የሚሸጠው በጥቅል ነው። በአንድ ጥቅል 33 ጧፍ አለ፤ ጌታ በምድር ላይ የተመላለሰባቸው ዓመታት ቁጥር ነው። አንድ ሻጭ 25 ሸቅል ጠራና ዋጋ ቀንስ ሲባል ጥቅሉን ከእጅ ነጥቆ ጀርባውን ሰጠ፤ መንገደኛው ሁሉ እያየ። በዚያች ቅጽበት ምላስ ላይ የሚመጣው ቃል ብዙ ነው። ያ ቃል ሳይወጣ ተዋጠ። በመቅደስ ውስጥ ዝቅ ማለት ከባድ አይደለም፤ ሁሉም ዝቅ ብሏልና። በገበያ መካከል የተዋረደ ሰው ግን ብቻውን ነው የሚዋረደው፤ ትሕትና እውነተኛ መሆኗ የሚታወቀውም እዚያ ነው። ጧፉ ሦስት ሱቅ አለፍ ብሎ በ15 ሸቅል ተገኘ።

ዴር ሡልጣን የሚገኘው ከቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ከግቢው መካከል ብቅ ያለችው ጉልላት ከታች ላለው ለቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ብርሃን የምታስገባ ናት። በዙሪያዋ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ በራቸው ጠባብ የመነኮሳት ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ አገር ቤት ካለ ገዳም ተነቅለው የተተከሉ ይመስላሉ። ከጣሪያው ወደ ታችኛው አደባባይ የሚያወርደው ደረጃ በሁለት ጸሎት ቤቶች ውስጥ ያልፋል፤ ላይኛው የአርባዕቱ እንስሳ፣ ታችኛው የቅዱስ ሚካኤል ነው። ኢትዮጵያውያን በቅዱስ መቃብር ውስጥ የነበራቸውን ስፍራ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጥተዋል፤ በቱርክ አገዛዝ የተጣለባቸውን ግብር መክፈል ስላልቻሉ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ጨረሰ፤ መጻሕፍታቸውና የይዞታ ማስረጃቸውም ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ከግብጽ ቅብጦች ጋር ያለው የቁልፍ ክርክር አልበረደም። በ1970 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት የሁለቱ ጸሎት ቤቶች በሮች ቁልፍ ተለውጦ በኢትዮጵያውያን እጅ ሆነ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሶ እስከ አሁን መፍትሔ አላገኘም። የታላቁ ቤተ ክርስቲያን ዋና በር ቁልፍ ግን ከየትኛውም የክርስቲያን ወገን ጋር አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ የሚጠብቁትና የሚከፍቱት ሁለት የእስላም ቤተሰቦች ናቸው። ይህን ማየት ያሳዝናል፤ ወንድማማቾች በአንድ መቃብር ደጅ መተማመን አቅቷቸዋልና። ሆኖም በዚያ ጣሪያ ላይ ክረምቱን በብርድ፣ በጋውን በሐሩር ያሳለፉ አባቶች ስፍራውን ያቆዩት በብልጫ ወይም በገንዘብ አይደለም። ባለመነሳት ነው። ቀን ከሌሊት ጸሎቱ ስላልተቋረጠ ነው።

መነኮሳቱ ስለ መንፈሳዊ እድገት ሲጠየቁ የሚመልሱት ከመጽሐፈ መነኮሳት ነው፤ እሱም ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ይይዛል። የቅድስና መዓርጋት አሥር ናቸው፤ በሦስት ይከፈላሉ፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና። የመጀመሪያው መዓርግ ጽማዌ ነው፤ ሰው አስቀድሞ ዝም ማለትን ይማራል። እንባ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በንጽሐ ነፍስ ነው። ብርሃን ማየት ደግሞ በመጨረሻው ክፍል፣ በንጽሐ ልቡና ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለተሳላሚ ትልቅ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው ቅድስት አገር እንደ ደረሰ ወዲያው ማልቀስ ይፈልጋል፤ እንባው ካልመጣ የተተወ ይመስለዋል። ገና ዝምታውን ያልተማረ እንባውን አይጠይቅ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በእውነት ከባድ ናቸው፤ ክፍሉ ባዶ፣ የሚሰማው ቋንቋ ሁሉ የሰው፣ ስልኩም መስመር አይይዝ። የእትዬ ትንሹ ልጅ ሳሉ ለቀቀው ወይ? ማታ ማታ ማን ታሪክ ያወራለታል?

በሕማማት ከሰኞ ጀምሮ በየሰዓቱ ይሰገዳል፤ «ኪርያላይሶን» እየተባለ ግንባር ከምድር ይነካል። የዴር ሡልጣን መሬት ድንጋይ ስለሆነ ጉልበት ይላጣል። የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ አይደለም። አንድ ሰው ሰባ ሰግዶ ሌላው ስንት እንደ ሰገደ ቢቆጥር፣ የራሱ ሰባ ከንቱ ይሆንበታል።

ከሳምንቱ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው በጸሎተ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን የግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ በቅዱስ መቃብር አደባባይ በተሠራ መድረክ ላይ የክብር ልብሳቸውን አውልቀው፣ ፎጣ ታጥቀው የ12 ካህናትን እግር ያጥባሉ፤ ሕዝቡም ከግንቡና ከመስኮቱ ሆኖ ያያል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሕፅበተ እግሩ ያለ መድረክ ነው። አባቶች በወይራና በወይን ቅጠል፣ በውኃ የምእመናኑን እግር አንድ በአንድ ያጥባሉ። ማጠብ ትሕትና መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ መታጠብ የበለጠ ትሕትና መሆኑ ግን የሚታወቀው ጫማ ሲወልቅ ነው። መንገድ ያቆሸሸውን፣ የተሰነጠቀውን ተረከዝ ለአንድ ሽማግሌ አባት አቅርቦ ዝም ማለት ከመቶ ስግደት ይከብዳል። ቅዱስ ጴጥሮስ እንኳ አይሆንም ብሎ ነበር። ሰው ረዳት ሲሆን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ተረጂ ሲሆን የሚይዘው ነገር አይኖረውም። አባቱ ቀና ሳይሉ ሁለተኛውን እግር ሲጠይቁ፣ ልጃችሁ ከመጣች ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ቤት ውስጥ ጉልባኑ ተቀቀለ? ለጎረቤት ደረሰ?

ዓርብ ስቅለት ከጠዋት እስከ ማምሻ ስግደት ነው፤ በመጨረሻም ካህናት በወይራ ቅርንጫፍ ትከሻ መታ መታ እያደረጉ ለየሰዉ የስግደት ቁጥር ይሰጣሉ። ቅዳሜ ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሶርያው፣ ግብጹ፣ ሁሉም የመቃብሩን ብርሃን ለመቀበል ጧፉን ይዞ። ፖሊስ በየመንገዱ አጥር ይዘጋል፤ ሽማግሌ ሴቶች ይገፋሉ፤ የሚጮህም አለ። የገፋን ሰው አሳልፎ መቆምም ከአምልኮው ክፍል ነው፤ ይህን የዘለለ ብርሃኑን ቢቀበልም ሰላሙን አይቀበልም። አገር ቤት ቄጤማ ራስ ላይ የሚታሰርበት ሰዓት እዚህ በግፊያ ያልፋል፤ ናፍቆቱ ያን ጊዜ ይበረታል። ወደ ማታ ግን ኢትዮጵያውያን በጣሪያው ላይ ድንኳን ተክለው፣ በከበሮ፣ በጧፍና በጥላ ጉልላቷን እየዞሩ ያመሰግናሉ። የውጭ ሰዎች ከግንቡ ሥር ቆመው ያያሉ። ልጃችሁም ነጠላ የለበሰውን ሁሉ ስታይ «ያገሬ ሰው» የማለት ኩራት ያድርባታል፤ ኩራቱም ለእግዚአብሔር ሲሰጥ ኃጢአት አይሆንም።

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ጾም የለም፤ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ሰውነትን ከድካሙ ታሳርፈዋለች። የተማረው ትምህርት ግን በዚህ ጊዜ በሌላ መንገድ ይቀጥላል፤ ይቅርታ በመጠየቅ፣ የበደለን ቀድሞ ሰላም በማለት፣ የታመመን በመጠየቅ። ዶሮ ዘንድሮ ስንት ገባ? አባባ ለመግዛት ብለው ገንዘብ እንዳይበደሩ፤ እንቁላልና አይብ ይበቃል። እትዬስ ከጎረቤቷ ጋር በአጥሩ ምክንያት የተቀያየሙት ነገር እንዴት ሆነ? ከዳግም ትንሣኤ በፊት ቢነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ማንኛቸው ቀድመው እንደ ሄዱ በመልሱ ይጻፍ።