ገላ ያሞቃል

የፎገራ ሩዝ በሚታጨድበት በኅዳር ወር መንታ ወለድሁ። ቀናቸው አልደረሰም ነበር። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰዱን። የ2 ዓመቷ ልጄ ከአያቷ ጋር ቀረች።

ቀኑ ያልደረሰ ሕፃን ከቆዳው ሥር በቂ ስብ የለውም። ስለዚህ ብርድ ይገድለዋል። ነርሷ፦ «ደረትሽ ላይ፣ ገላ ለገላ እቀፊያቸው» አለችኝ። ይህ ዘዴ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 በኮሎምቢያ አገር ተጀመረ።

አንዱን እኔ፣ አንዱን አባታቸው አቀፍን። «ወንድ ያቅፋል እንዴ?» ያሉ ነበሩ። የአባትም ገላ ያሞቃል! ሩዙን ጎረቤት በደቦ አጨደልን።

ታላቋ «እማዬስ?» እያለች እህል እምቢ አለች። አማቴ ይዘዋት መጡ። በእጄ አጎረስኋት፤ በላች።

ዛሬ መንቶቹ ይሮጣሉ። እናቶችና አባቶች! ቀኑ ያልደረሰ ልጅ ገላችሁን፣ የእናት ጡትና ሐኪም ይፈልጋል። ታላቁም ልጅ አይረሳ።