ኮዱን ማን ያንብብላቸው?

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤቶች ሥራ በዝቶላቸዋል። ባንኩ ፋይዳ የሚባለውን ብሔራዊ መታወቂያ አምጡ ይላል፤ ሰዉም ከገጠር ቀበሌው ወርዶ ካርዱን ያሳትማል። የአምባሰል ሰው ጉዳይም ውጫሌ ላይ ይኸው ነው።

አንዷን እናት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የኅትመት ቤቱ ልጅ የፋይዳ ቁጥራቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል። ወዲያው ስልካቸው ይጮኻል። «እማማ፣ ኮድ ገብቷል፤ ስልክዎን ያምጡት እስኪ።» ከመቀነታቸው ፈተው ይሰጡታል። ምን ያድርጉ? ፊደል አልቆጠሩም። ኮዱን አስገብቶ ፋይሉን ያወርዳል፣ ያትማል፣ ላሚኔት ያደርጋል። ካርዱን ይዘው፣ መርቀውት ይሄዳሉ። ፋይሉ ግን እዚያው ቀረ፤ ከእሳቸው በፊት ከመጡት ሁሉ ፋይል ጋር። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ፣ አድራሻ።

ልጁን ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹ ቤተሰብ የሚጦሩ ጨዋ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ያንን ኮምፒውተር ነገ ማን እንደሚነካው፣ ፍላሹ ማን ኪስ እንደሚገባ እሱም አያውቅም።

የፋይዳ ዋና ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ የዕድሜ ልክ ነው። በእሱ ፈንታ ለሌላ ወገን የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር የተበጀውም ዋናው እንዳይጋለጥ ነው። መልካም አሳብ ነበር። ይህን ለእኚያ እናት ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው ግን የለም።

ከውጭ አገር ዘመድ ጋር የምንገናኝበት የኢሞ መተግበሪያ ነገር ደግሞ ይብሳል። በእኛ አገር ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ወይ ቤሩት ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አጭበርባሪው መጀመሪያ የአንዷን ኢሞ ይይዛል። ከዚያ በእሷ ስም ለጓደኛዋ ይጽፋል፦ «እህቴ፣ በስህተት ወደ አንቺ የተላከ ቁጥር አለ፤ ላኪልኝማ።» ያ ቁጥር የጓደኛዋ የኢሞ መክፈቻ ነው። ስትልክለት እሷም ተያዘች። በነጋታው ሐይቅ ላለው ወንድሟ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ፎቶው የእሷ ነው፤ ስሙ የእሷ ነው። ብሩ ሄዶ የሚያርፈው ግን ሌላ ዘንድ ነው። የእህቱን ድምፅ ሳይሰማ ሳንቲም ባይልክ ይተርፍ ነበር።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሁለቱም የኅትመት ቤቱን ደጃፍ የረገጡ አይመስለኝም።

«ኮድዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው ማስታወቂያ የተጻፈው ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ለአንድ ሰው መስጠቱ የግድ ነው፤ ጥያቄው ለማን የሚለው ነው። ስለዚህ እኔ የምለው፣ በየቤቱ አንድ አንባቢ ይታወቅ። ልጅ ይሁን፣ የወንድም ልጅ ይሁን፣ የታመነ ጎረቤት ይሁን። መልእክት ሲገባ ስልኩ ወደዚያ ሰው ብቻ ይሂድ። በስልክ ብር የሚያንቀሳቅሱበት የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ግን ለእሱም ቢሆን አይነገር፤ ብር ለማስገባትና ለማውጣት ለሚሄዱበት ባለሱቅማ ጭራሽ። የእናቶቻችን አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረው «ቁጥሩን አንተው ምታልኝ» ሲሉ ነው።

ኅትመት ቤት ያላችሁ የሐይቅና የውጫሌ ልጆች፣ ካርዱን እንዳስረከባችሁ ፋይሉን ባለቤቱ እያየ አጥፉት፤ ከማጠራቀሚያውም ከቴሌግራሙም። ደሴና አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ፣ ለበዓል ስትገቡ ከእናታችሁ ጎን ቁጭ ብላችሁ ስልካቸውን አብራችሁ እዩት። ቴሌብር ላይ የሚያጠራጥር ነገር ካገኛችሁ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ላይ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉ።