ባኮስን ያየሁበት ዓይን

መጀመሪያ የምናዘዘው ስለ ባኮስ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ኡትሬክት ከተማ፣ በጥንቱ የቅድስት ካታሪና ገዳም ሕንፃ የተከፈተ የክርስትና ጥበብ ሙዚየም አለ። እዚያ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1626፣ ገና በ20 ዓመቱ ገደማ፣ በእንጨት ላይ የሳላት ሥዕል ተሰቅላለች። ትንሽ ናት፤ ቁመቷ 64 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የእሱ ሥራ መሆኗን ባለሙያዎች የለዩት እንኳ በ1970ዎቹ ነው። ታሪኩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው፤ የህንደኬ ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ ሲጠመቅ። ጃንደረባው ተንበርክኳል፣ ፊልጶስ ቆሞ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቷል፣ ከኋላ ሠረገላና ጦር የያዘ ፈረሰኛ አለ። አንድ ውሻም አለ፤ እሱ ጥምቀቱን ከጉዳይ ሳይቆጥር ውሃውን ይጠጣል።

ለአጭር የግብርና ሥልጠና ዋገኒንገን በነበርኩበት ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር እየወጣን ከተማ እንጎበኝ ነበር። ኡትሬክት በሄድን ዕለት አብረውኝ ከነበሩት አንዱ ሱዳናዊ ነው። ሥዕሏ ፊት ቆሜ፣ ሌላው ጎብኚ እስኪሰማ ድረስ፣ «ይህ የአገሬ ሰው ነው» አልኩ። ህንደኬ የመርዌ ንግሥታት የማዕረግ ስም እንደነበረ፣ መርዌም ዛሬ ሱዳን ውስጥ እንዳለች፣ የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ያንን ምድር ማለታቸው እንደነበር አንብቤ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ጃንደረባውን ባኮስ ብላ ትጠራዋለች፣ ወንጌልን ወደ እኛ ያመጣ እሱ ነው ብላም ታስተምራለች። በዚህ አድጌአለሁ፤ በማመኔ የምጸጸትበት ነገር የለም። የምናዘዘው ሱዳናዊው ድርሻውን እንዳይጠይቀኝ የማውቀውን ግማሽ መዋጤን ነው። ሰውየው ዝም አለ። ጨዋነቱን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። ማታ በባቡር ስንመለስም ነገሩን ላነሣው እችል ነበር፤ ስለ አየሩ ብርድ አወራን።

ሁለተኛው ይከብዳል።

የኡትሬክት የዶም ማማ 112 ሜትር ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ1321 ተጀምሮ በ1382 አልቋል። ዛሬ ከካቴድራሉ ተነጥሎ ብቻውን የቆመ ነው፤ በመካከል የነበረው የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል በ1674 በተነሣ ዐውሎ ነፋስ ፈርሶ ቦታው አደባባይ ሆኗል። ሰው በብስክሌት ይመላለስበታል። በአሮጌው ቦይ ዳር፣ ከመንገዱ በታች በውሃው ልክ የተሠሩት የመካከለኛው ዘመን መጋዘኖችም ቡና ቤት ሆነዋል (ቡናቸው ስለ ቀጠነ አላወራም)።

ካቴድራሉ ውስጥ ገብተን ከድንጋይ የተቀረጸ የቅድስት ሐና፣ የእመቤታችንና የሕፃኑ ምስል ፊት ደረስን። ቀለሙ እስከ ዛሬ አለ። ፊት ግን የላቸውም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ፕሮቴስታንቶች ምስል ሲሰብሩ፣ ፊት ፊታቸውን ጠርበው አንሥተውታል። ሌላውን አካል ትተው ፊት ብቻ መምታታቸው ሥራቸውን በሚገባ ያስቡበት እንደነበር ያሳያል።

እንደ እኔ አገር ቤት፣ አምበር ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊት ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እጄ ተነሣ። ግንባሬ ጋ ሲደርስ ጓደኞቼ ካሜራ ደቅነው ስለ ቀለሙ ሲያወሩ አየሁና ፀጉሬን አከክሁበት። ከዚያ እኔም ስልኬን አወጣሁ። ባኮስ ኢየሩሳሌም ድረስ የሄደው ሊሰግድ ነበር፤ እኔ ኡትሬክት የሄድኩት ለማየት ነው። አየሁ፣ ፎቶ አነሣሁ፣ ወጣሁ።

እዚያው ቢቀር ባልከፋ። ያ ዓይን ግን አብሮኝ አገር ገባ። አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ለትልቅ በዓል ማርቆስ እንሄዳለን። ድሮ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ደብረ ማርቆስ የተባለችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ይህን ሁሉ ዕድሜዬን ስሳለመው የኖርኩትን ደጅ ያን ዓመት ሚያዝያ 30 ቀን ስደርስ እንደ አስጎብኚ ገመገምሁት። ሥዕሉ መቼ ተሳለ? ቀለሙ የአገር ነው የውጭ? ማዕዘኑ ላይ ያለው ጭረት ከምን መጣ? ስልኬን ከፍ አድርጌ ብርሃኑን እየመረጥሁ ሳለ ከኋላዬ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ እስቲ ፈቀቅ በልልኝ፣ ልሳለም» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ እማማ» ብዬ ፎቶዬን ጨረስሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁኝ።

ለራሴ የማቀርበው ሙግት ነበረኝ፣ አሁንም አልተውሁትም። የሚያይ ሰው ባይኖር ጣራው ሲያፈስ፣ ቀለሙ ሲረግፍ ማን ያውቃል? ሆላንዶች ያን ፊት አልባ ምስል ሳይቀር ጠብቀው ይዘውታል፤ እኛ አገር ስንቱ የገጠር ደብር ሥዕል በጣራ ፍሳሽ ታጥቦ ቀርቷል። የተሳለመ ሁሉ ሥዕሉን አያድነውም።

ይህን ለንስሐ አባቴ አስረዳኋቸው። ስለ ሬምብራንትም ጨምሬ ነገርኋቸው፤ ውሻው ደስ አላቸው። በመጨረሻ፣ «አባ፣ ታዲያ ማየት ኃጢአት ነው?» አልኋቸው።

«ስለ ማየቱ ማን ጠየቀህ፣ ልጄ? ሴትዮዋን ለምን አስጠበቅሃቸው?» አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ።

ፈጽሜዋለሁ፤ ዓይኑ ግን አልተወኝም፣ እንዲተወኝም አልፈልግም። አሁን ለበዓል ስሄድ ስልኬን አምበር ትቼው እሄዳለሁ፤ ሥዕል ለማየት ሲያምረኝ ሰው በሌለበት ቀን፣ የደብሩን አገልጋዮች አስፈቅጄ እገባለሁ። ለሚያዝያ 30 ካሜራ ይዛችሁ ወደ ማርቆስ የምትመጡ ሁሉ፣ እባካችሁ እናንተም ሥዕሉን በማግስቱ እዩት። በዕለቱ ቦታውን ለተሳላሚ ልቀቁለት።